ሱረት ሻጩ ያነጠሰ ዕለት

አንድ ሱረት ሻጭ ነበረ። ሱረቱ ደቃቅ፣ አፍንጫው ትልቅ፣ ልጁ አንዲት ነበረች።

ይህን የሚናገሩት አንድ ሸምገል ያሉ መምህር ናቸው። የምትሰማቸው ባሏ ከሞተ ገና አርባ ቀን ያልሞላት ሴት ናት። «አባቴ፣ በሐዘን መካከል መሳቅ ሟቹን መካድ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸው አዎም አይደለምም አላሉም። ነጠላዋን እስክታስተካክል ጠበቁና ስለ ሱረት ሻጩ ጀመሩላት።

ሱረት ሻጩ ይርዳው ይባላል። የሚኖርባት ከተማ በሁለት ተራሮች መካከል የተቀመጠች፣ ጉም የማይለቃት ከተማ ነበረች። ጉሙ ጠዋት ከወንዙ ይነሣና ቀስ እያለ በየደጁ ይገባል። እስከ ረፋድ ድረስ ሰው ሰውን የሚለየው በሳሉ ወይም በእርምጃው ነበር። ይርዳውን ግን በዘነዘናው ድምፅ ያውቁታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ዳር፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። የትንባሆ ቅጠሉን ከአመድ ጋር በሙቀጫ ይወቅጣል፣ በቀጭን ጨርቅ ይነፋል፣ በቁንጥር ይሸጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ኖረ። ከዱቄቱ ብዛት አፍንጫው ደነዘዘ። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ኖሮ እሱ ራሱ ማነጠስ ረሳ።

ልጁ ስንዱ በዚህ ነገር አትጠግብም ነበር። ለአባቷ አፍንጫ «በረንዳችን» የሚል ስም አውጥታለታለች። ዝናብ ሲጀምር እናቷን ትጠራና «እማዬ፣ ነይ ከአባዬ በረንዳ ሥር እንጠለል፤ ይኼ እንደሆነ አፍስሶ አያውቅ» ትላለች። እናቷ «አታፍሪም አንቺ!» ትላታለች። ስትቆጣት ግን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው፣ ሳቋ እንዳይታይባት። ይርዳውም የተቀየመ መስሎ አፍንጫውን በመዳፉ ይሸፍናል። በዚያ ቤት ክረምቱ እንዲህ ነበር የሚያልፈው።

አንድ ዓመት ግን ለከተማዋ አዲስ ሹም መጣላት። ሹሙ የሚፈራው ወጣቶችን ነበር። ሰዎቹ ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ በር እያንኳኩ ልጆችን ይወስዱ ጀመር። የተወሰደ አይመለስም። ማንኳኳት የሚመስል ድምፅ ሁሉ ሰው ያስደነግጥ ስለ ነበር ይርዳው የዘነዘናውን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ ወዲያ ሲወቅጥ ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ የልብ ምት ሆነ።

በሐምሌ ስንዱን ወሰዷት። ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሻሿ ብቻ ታጥፎ መጣ። እናቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ አገላብጣ አየችው። «ማነው እንዲህ አሳምሮ ያጠፈው?» አለች። ከዚያ በኋላ ቃል ከአፏ አልወጣም። እንባም አልወጣት። ሻሹን እንደታጠፈ ከራስጌዋ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ትተኛለች። ይርዳው ምግብ ሲያቀርብላት የምትበላው ከእሱ ጋር ላለመከራከር ነበር።

ወደ ሰው ዘንድ ወስዶ እንዳያስለቅሳት ደግሞ አዋጅ አለ። አዋጅ ነጋሪው በገበያው መካከል ቆሞ እንዲህ ብሎ ነበር። «ስሙ! የተወሰደ ሰው አልሞተም። የለም፣ በቃ። ስለዚህ ድንኳን አይተከል፤ ጥቁር አይለበስ፤ በአደባባይ አይለቀስ። ነፍስ ይማር ያለ ሰው፣ እሱም የለም።»

ይርዳው በዚያ ዓመት የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ እንደማትመለስ ያውቃል። ሹሙ ይሞታል ብሎም አልተመኘም። ሰው ተሰብስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለስንዱ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር ቢል፣ ሚስቱም ብትሰማ፣ ያን ጊዜ ወደ ራሷ ትመለሳለች ብሎ ያስብ ነበር። ያለዚያ ያቺ ሴት ዓይኗን እንደገለጠች ልትሄድበት ነው።

ሰዉ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ቀልድ መጣ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ አንዱ «ልጅህ አለ?» ይላል። «አለ።» «ምን አለ?» «የለሁም አለ።» ይህን ተባብለው አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያልፋሉ። ሲያልፉ ያየ ሰው፣ ይሳቁ ያልቅሱ አይለይም ነበር። ይርዳው ግን ይህን ሲሰማ ዘነዘናውን አጥብቆ ይይዛል።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከፊቱ ቆመች። የእሷ ልጅ ዳምጤ የተወሰደው በሰኔ ነው። ቁንጥር ሱረት ገዛች፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበች፣ አነጠሰች።

«ይማርሽ» አላት ይርዳው፣ ሳያስበው፣ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዱ።

ገበያው ቀጥ አለ። «ይማር» የሚባል ቃል ከአዋጁ ወዲህ በአደባባይ አልተሰማም ነበር። ጉሙ ራሱ የቆመ መሰለ። ዶሮ የምትሸጥ አንዲት ሴት የዶሮዋን አፍ በእጇ ያዘች። ዘበኛ መጣ።

«ምን አልክ አንተ?»

«አነጠሰች። ይማርሽ አልኳት።»

«ማንን?»

«እሷን ነዋ! የሚያነጥሰው እኮ ያለ ሰው ነው ጌታው። የሌለ ሰው አያነጥስም።»

ዘበኛው ቆሞ አሰበ። አዋጁን ከላይ እስከ ታች በልቡ ወጣ ወረደበት፤ ስለ ንጥሻ የሚል አላገኘም። ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ቀይሮ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘርፌ ተመልሳ መጣች። «አያ ይርዳው፣ ቁንጥር ስጠኝ። የዛሬው የዳምጤ ነው» አለች። ሳበች፣ አነጠሰች። ያን ጊዜ ከሸክላ ተራ አንዲት ሴት «ይማር!» አለች። ይማርሽ አላለችም። «ሽ»ዋን ዋጥ አደረገቻት። ከጨው ተራ ሌላ ሰው «ይማር!» አለ። ከእህል ተራም እንዲሁ። የማን አፍ እንደሆነ ጉሙ አያሳይም፤ ቃሉ ብቻ ከተራ ተራ እየተሻገረ ወንዙ ድረስ ወርዶ የተመለሰ ይመስል ነበር። የዘርፌ ዓይን ሞልቶ ፈሰሰ። ዘበኛው ቀርቦ ሲያያት «ሱረቱ ነው የኔ ልጅ፤ ይኼ ሰውዬ ዘንድሮ አመድ አብዝቶበታል» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ከተማዋን ጉንፋን ያዛት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከይርዳው ፊት ሰልፍ ይቆማል። እያንዳንዱ በልቡ ስም ይዞ ይመጣል፣ ይስባል፣ ያነጥሳል፣ ገበያው ይማር ይላል፣ እንባውን ጠርጎ ይሄዳል። ሰልፉ ላይ ደግሞ ወሬው።

«የዘንድሮ ጉንፋን ነገረኛ ነው፤ ቤት እያንኳኳ ነው የሚገባው።»

«እኛንማ ሁለት ወሰደብን።»

«እኛ ቤት ሲያንኳኳ ‹የለንም› አልነው። ‹እሱን የምለው እኔ ነኝ› አለን።»

ይሳቅ ነበር። አፍን በነጠላ ሸፍኖ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ ሆድን ይዞ ይሳቅ ነበር። ይርዳው ብቻ አልሳቀም። እሱ ለሰው ሁሉ ንጥሻ እየሸጠ ለልጁ የሚያነጥስበት አፍንጫ የለውም። ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻውን ሲቀር አንድ ቁንጥር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እፍኝ ሙሉ ስቦ ሞክሯል። ግንብ ላይ አቧራ እንደመበተን ነበር። በጉሙ ውስጥ አንዳንዴ «በረንዳችን» የሚል ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ቀና ሲል ጉም ነው። በዚህ ላይ የሰዉ ሳቅ እሾህ ሆነበት። አንድ ቀን አልቻለም።

«እትዬ ዘርፌ፣ አታፍሪም ወይ? በሞተ ልጅሽ ትቀልጃለሽ?» አላት።

ዘርፌ ማሰሮዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የመለሰችለት። «በልጄማ አልቀልድም። በሞቱ ነው የምቀልደው። ልጄና ሞቱ አንድ ሰው መሰሉህ እንዴ? ዳምጤ የኔ ነው። ሞቱ የእነሱ ነው፤ ያውም በግድ የሰጡኝ። ደጄ ላይ ጎልተውት ሄዱ። እሱን ስሰድበው ብውል ምን አለብህ?»

ይርዳው ዘነዘናውን እንደያዘ ቤቱ ገባ፤ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና፣ ትስማው አትስማው ሳያውቅ፣ ይህን ሁሉ ነገራት። ዘበኛው እንዴት ቆሞ እንዳሰበ አስመስሎ አሳያት። ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ዶሮዋ አፍ፣ ዘርፌ ስላለችው አወራላት። «እኔ ግን አፍንጫዬ ሞቶ ለስንዱ ሳላነጥስላት ቀረሁ» አለ በመጨረሻ። ሚስቱ ጣራውን ታያለች። ይርዳው ሲነሣ ግን እጇ ወደ ራስጌዋ ሄዶ የሻሹን ጠርዝ ሲነካ አየ።

በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ይርዳው ሙቀጫውን ተሸክሞ ሲወጣ ከኋላው እርምጃ ሰማ። ሚስቱ ነበረች። ያን ሻሽ ፈትታ አስራዋለች። የታጠፈበት መስመር በግንባሯ ላይ ይታያል። አብረው በጉሙ ውስጥ ሄዱ፤ አልተነጋገሩም።

ያ ቅዳሜ ደግሞ ሹሙ ገበያ የወጣበት ቅዳሜ ሆነ። ዘበኞቹ «ከተማው ጉንፋን ይዞታል፤ ግን ይስቃል» ብለው ነግረውት ነበር። «ጉንፋን የያዘው ሰው ምን ያስቀዋል?» አለና በበቅሎ መጣ፤ ከበስተኋላው ጸሐፊው ከነደብተሩ፣ ዘበኞቹ ከነጠመንጃቸው። ከይርዳው ፊት ወረደ።

«መድኃኒት ነው መርዝ?»

«ሱረት ነው ጌታዬ።»

«እስቲ አምጣ፣ እኔው ልየው።»

ሹሙ ዕድሜውን ሱረት ስቦ አያውቅም። ለሦስት ሰው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ሳበው። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ አነጠሰ። ደገመ። ሦስተኛው ሲሆን በቅሎዋ ደንብራ ጉሙ ውስጥ ገባች።

በዚያ አገር ላነጠሰ ሰው ይማርህ አለማለት ነውር ነው፤ የማያውቁት መንገደኛ እንኳ ቢያነጥስ ይባላል። ሹሙ ጠበቀ። አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ዙሪያውን እያየ ጠበቀ። ከጉሙ ውስጥ አንድም ድምፅ አልመጣም።

«አነጠስኩ እኮ!» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ላይ ቁጣ ነበረ፤ ከቁጣው ሥር ግን ሰው ሁሉ ጥሎት የሄደ ሕፃን ዓይነት ነገር ነበረ።

ያን ጊዜ የስንዱ እናት ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ከሐምሌ ወዲህ ያልተከፈተ አፍ ተከፈተ።

«ነፍስ ይማር!» አለችው።

ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን ጨበጡ። ሹሙ ዞሮ አያት። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ለርስዎ ነው ጌታዬ። አነጠሱ፤ ነፍስዎን ይማር አልኩ። ነፍስ የለዎትም እንዴ?»

ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ይኼ በአዋጁ አለ?»

ጸሐፊው ደብተሩን አገላበጠ፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። «ጌታዬ፣ የተከለከለው ለሌለ ሰው ሲባል ነው። እርስዎ ደግሞ… እርስዎ አሉ።»

«አለሁ?»

«አሉ ጌታዬ! አሉ!»

ከጉሙ ውስጥ፣ ከሸክላ ተራ በኩል፣ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ምን አሉ?»

መልሱን የማያውቅ ሰው በገበያው አልነበረም። ማንም አልመለሰም። መጀመሪያ ጨው ሻጩ አፍንጫው ውስጥ ታፍኖ የነበረ ነገር አመለጠው። ከዚያ እህል ተራ ፈነዳ። ሳቁ እንደ ጎርፍ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ከዘበኞቹ አንዱ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይርዳውም ሳቀ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ደረቱን አልፎ፣ ሠላሳ ዓመት የተዘጋውን መንገድ ገፍቶ፣ አፍንጫው ደርሶ ቆመ። ይርዳው አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ገበያውም አየውና ጠበቀ።

አነጠሰ። የሙቀጫው ዱቄት ተነሥቶ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ።

«ይማር!» አለ ገበያው። ሁሉም፣ በአንድ አፍ፣ ያለ «ህ»።

የይርዳው ሚስት ቆማ ሰማችው። ቃሉ ወንዙ ድረስ ወርዶ እስኪመለስ ጠበቀች። ባሏ አጠገቧ ነው፤ ዓይኑ ይፈሳል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ የሚጠርግበት ጨርቅ የለውም። ቀና ብላ አየችው።

«በረንዳችን አፈሰሰ» አለች። ይህን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና የዓመቱን እንባ በአንድ ጊዜ አለቀሰች። ዘበኛው ቢጠይቃት ኖሮ ሱረቱ ነው ትለው ነበር። ግን ማንም አልጠየቃትም፤ ሹሙ በቅሎውን ፍለጋ ሄዶ ነበር።

አዋጁ በዚያ ቀን አልተነሣም። በማግስቱ የተከለከለው ሱረት ነው። የይርዳውንም ሙቀጫ ሰባበሩት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን በከተማዋ ውስጥ በርበሬ የማይቆላበት ቤት ጠፋ፤ በርበሬ ደግሞ ሹሙም ይበላ ነበርና ማን ይከልክል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሹሙም ራሱ አንድ ጠዋት የለም ተባለ። ያን ቀን ማንም አላነጠሰም።

መምህሩ እዚህ ላይ ጨረሱ። ወደ ሴትዮዋ ዞረው እንዲህ አሏት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሐዘን ሱረቱ ነው። በቀረበበት አፍንጫ ሁሉ ይገባል፤ ያቃጥላል። የሳቅሽው ሳቅ ንጥሻው ነው። ሐዘኑ ገብቶ ባይሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? ባልሽን አልካድሽውም። የሳቅሽው በሞቱ ላይ ነው፤ ባልሽና ሞቱ ደግሞ አንድ ሰው አይደሉም። እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ሳያነጥስ እንደኖረው አፍንጫ እንዳትሆኚ ነው የምፈራልሽ። ደግሞም ንጥሻ ብቻውን አይበቃም፤ አጠገብሽ ይማር የሚል ሰው ይኑር። ለመሆኑ ምን ነበር ያሳቀሽ?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። ሊነገር የሚገባ መሆኑን ተጠራጥራ ነበር።

«ባሌ ታሞ ሳለ የእድሩ ዳኛ ሊጠይቁት መጡ። ‹የእናንተ ድንኳን ያፈሳል› አላቸው። ‹እኔ በክረምት አልሞትላችሁም፤ እስከ ጥቅምት ጠብቁኝ።› እሱ ራሱ ግን ሊጠብቅ አልቻለም፤ በነሐሴ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ፤ ድንኳኑ አፈሰሰ። ያፈሰሰው ደግሞ በትክክል በዳኛው መላጣ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ያመለጠኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የባሌ እህት እስከ ዛሬ አታናግረኝም።»

መምህሩ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔ ከዳኛው ቀጥዬ ነበር የተቀመጥኩት» አሉ። «ከመላጣቸው የተረፈው በአንገቴ ገብቶ እስከ ወገቤ ወረደ። ለሟቹ ክብር ስል ነው ያልተነቃነቅኩት። እንደነገራቸው ባውቅ ኖሮ…»

አልጨረሱም። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። አፏን በነጠላዋ ለመሸፈን ሞከረች፤ ቀደማት። ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ በመካከሉ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ።

መምህሩ እስኪያልፍላት ጠበቁ።

«ይማር» አሏት ቀስ ብለው፣ ያለ «ሽ»።